በአነስተኛ ወጪ የአሮጌ ፈጣን መኪናን ፍሬን ማጠናከር፦ ለዲኤክስና ለመሰሎቹ

«ትልቅ ካሊፐር ከየት ላገኝ እችላለሁ?» የሚለው ጥያቄ በተደጋጋሚ ይቀርብልኛል። ጠያቂዎቹ ብዙውን ጊዜ የዲኤክስ ኮሮላቸውን ሞተር አውጥተው ጉልበት ያለው የገጠሙ፣ ወይም አሮጌ ሴሊካ ወይም ቢኤምደብሊው ገዝተው በማደስ ላይ ያሉ የአዳማ ወጣቶች ናቸው። መልሴ አይለወጥም፤ ካሊፐር፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ ሸራውን (እየታከከ የሚያልቀውን የፍሬን ክፍል) ከጎማው ጋር በሚዞረው ዲስክ ላይ የሚጫነው ዕቃ፣ የመጨረሻው ግዢ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። አሮጌ መኪና ላይ ፍሬን የሚያንሰው በአብዛኛው ፋብሪካው የገጠመው ዕቃ ትንሽ ስለሆነ ሳይሆን፣ ያ ዕቃ ከዕድሜ ብዛት ሥራውን በከፊል ብቻ ስለሚሠራ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ መጀመሪያ ያለውን ፍሬን ወደ ልኩ መመለስን፣ ቀጥሎ ሙቀት የሚችል ሸራና ዘይት መምረጥን፣ ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ካነሰ ደግሞ ወደ ትልቅ ዲስክ መሸጋገርን በቅደም ተከተል ያስረዳል።

ከሁሉ በፊት ፍሬኑ ምን እንደሚሸከም መረዳት ያስፈልጋል። ፍሬን የመኪናውን እንቅስቃሴ ወደ ሙቀት የሚቀይር ዕቃ ነው፤ ሙቀቱም ከፍጥነቱ ጋር እኩል ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ለማቆም በ60 ሲሄድ ከሚያስፈልገው 2.8 እጥፍ ያህል ሙቀት መዋጥ ግድ ይላል። ቁልቁለት ሲጨመርበት ነገሩ ይበረታል። አሰላ ከአዳማ በ700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ 1,100 ኪሎ የሚመዝን መኪና ያን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 7.5 ሜጋ ጁል ያህል ሲሆን፣ ይህም ያንኑ መኪና ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 18 ጊዜ ያህል ወደ ዜሮ ከማቆም ጋር የሚስተካከል ነው። ከዚህ ውስጥ ነፋሱና ማርሽ ውስጥ ያለ ሞተር ትልቁን ድርሻ ይይዙልናል፤ ማርሹን ፍሪ አድርጎ ለሚወርድ ሹፌር ግን ሸክሙ ሁሉ በአራት ጎማ ላይ ባለ ሸራ ላይ ይወድቃል።

እኔ ይህን የተማርኩት ከአሰላ ስመለስ ነው። ኢተያን አልፌ ወደ ዴራ በመውረድ ላይ ሳለሁ ጠንካራ የነበረው ፔዳል በአንድ ጊዜ እንደ እርጥብ ስፖንጅ ለሰለሰና ወደ ወለሉ ወረደ። ደጋግሜ ስረግጠው ጥቂት ስለተመለሰልኝ፣ ማርሽ እየቀነስኩ ዳር ይዤ ቆምኩ። የፊት ቸርኬው ላይ ጠብ ያለ የውኃ ጠብታ እንደ ምጣድ ተንጨረጨረ። ካሊፐሩ ምንም አልሆነም ነበር፤ መኪናውን ከገዛሁ ጀምሮ ያልተቀየረው የፍሬን ዘይት ውስጥ የነበረው ውኃ ፈልቶ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ክሪክ፣ ሁለት የብረት መደገፊያ እና ለኋላ ጎማ ማስያዣ የሚሆን ወፍራም እንጨት ወይም ድንጋይ
- የተሟላ ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ እና በልክ የሚያጠብቅ ቶርክ ሬንች (የራስዎ ከሌለ ለአንድ ቀን ከጋራዥ መዋስ ይቻላል)
- የቧንቧ ዳዶ የማይላልጥ፣ አንድ ጎኑ ብቻ ክፍት የሆነ የፍሬን ቧንቧ ቁልፍ
- ውፍረት የሚለካ ቬርኒየር
- የካሊፐር ጎሚኒ (ዘይት የሚያግድ ላስቲክ) ሙሉ ስብስብ፣ ለሁለቱም ወገን
- ሦስት ወይም አራት የጎማ ቱቦ (እንደ መኪናው) እና አዲስ የመዳብ ሮንዴላ
- ያልተከፈተ ዶት 4 የፍሬን ዘይት፣ ከ1 ሊትር ያላነሰ
- የፊት ሸራ፣ እንደ ሁኔታው የታምቡር (ሸራው ከውስጥ የሚይዘው ክብ የኋላ ፍሬን) ሸራና የኋላ ሲሊንደር
- ለካሊፐር ተንሸራታች ዘንግ የተሠራ ግራሶ፣ ንጹሕ አልኮል፣ ክር የማይለቅ ጨርቅ፣ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ባዶ ጠርሙስ

ጎሚኒና ቱቦ አዳማ ካጡ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሲሄዱ አሮጌውን ዕቃ በእጅዎ ይዘው ይሂዱ። በአንድ ሞዴል ውስጥ እንኳ የፒስተን (በካሊፐሩ ውስጥ ሸራውን የሚገፋው) ልክ የሚለያይባቸው መኪኖች ስላሉ፣ «የዲኤክስ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን በቂ መለያ አይደለም።

ከመጀመርዎ በፊት

መኪናውን በብሎኬት ላይ አያስቀምጡ። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ክብደት በአንድ ነጥብ ሲያርፍበት ያለ ማስጠንቀቂያ ይፈረካከሳል፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥርም አይግቡ። የፍሬን አቧራ በኮምፕረሰር አየር አይንፉ፤ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችልና አስቤስቶስ ሳንባን የሚጎዳና ካንሰር የሚያመጣ ስለሆነ፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረጉ ጨርቁን ይጣሉ። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል፤ የፈሰሰውን ወዲያውኑ በውኃ ይጠቡ። የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ስለ እርስዎ ነው፦ ፍሬን ከዚህ በፊት ፈትተው የማያውቁ ከሆነ ሥራውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ይሥሩ፤ እዚህ የሚፈጠር ስሕተት ጉዳቱ ለሹፌሩ ብቻ አይደለም።

ደረጃ 1፦ ያለውን ፍሬን መመርመር

ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፔዳሉን አምስት ጊዜ ያህል ይርገጡ፤ ከዚያ ረግጠው ይዘው ሞተሩን ያስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች ከወረደ ሰርቮው (የእግርን ኃይል የሚያግዘው ክፍል) ይሠራል፤ ንቅንቅ ካላለ ሰርቮው ወይም ከሞተሩ የሚመጣው የአየር መሳቢያ ቱቦ ተበላሽቷል። ቀጥሎ ፔዳሉን በመካከለኛ ኃይል ለ30 ሰከንድ ይዘው ይቆዩ። ቀስ በቀስ ወደ ወለሉ የሚወርድ ከሆነና በውጭ የሚፈስ ዘይት ከሌለ፣ ማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው) በውስጡ እያሳለፈ ነው። ይህን ሳያውቁ ሸራ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

ከዚያ መኪናውን አንስተው እያንዳንዱን ጎማ በእጅ ያሽከርክሩ። ፔዳሉ ከተለቀቀ በኋላ የሚይዝ ጎማ ካለ የዚያን ጎማ የአየር ማስወጫ ብሎን በጥቂቱ ይክፈቱ። ዘይት ፈንጠር ብሎ ጎማው ከተለቀቀ ግፊቱ ተይዞ የቀረው በቱቦው ውስጥ ነው፤ ካልተለቀቀ ፒስተኑ ወይም ተንሸራታች ዘንጉ ደርቋል። ያገኙትን ሁሉ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ግራና ቀኝን መቀላቀል ቀላል ነው።

ዓመታዊ ምርመራ ሲያስደርጉ በሮለር ላይ ፍሬን የሚለካ ማሽን ካለ፣ ቦሎውን ብቻ ይዘው ከመውጣት ይልቅ የግራና የቀኝ ንባቡን ጠይቀው ይመዝግቡ። ከሥራው በፊትና በኋላ ያለውን ልዩነት የሚያሳይ ከዚህ የረከሰ መሣሪያ አላገኘሁም።

ደረጃ 2፦ ጎማውን ማየት

ፍሬን ቸርኬውን ያቆማል፤ መኪናውን የሚያቆመው ግን ጎማው ከአስፋልቱ ጋር ያለው ግጭት ነው። ፔዳሉን በኃይል ሲረግጡ አሁንም ጎማዎቹ የሚቆልፉ ከሆነ፣ ትልቅ ካሊፐር ለአንድ ጊዜ ማቆሚያ ርቀቱን አያሳጥረውም። በጎማው ጎን የተጻፉትን አራት አሃዞች ያንብቡ፤ 3219 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ32ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። በአዳማ ፀሐይ ዓመታት ቆይቶ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ ጥርሱ ቢኖርም ደርቋል፤ በጀትዎ ከጎማና ከካሊፐር አንዱን ብቻ የሚችል ከሆነ ጎማ ይግዙ።

ደረጃ 3፦ ካሊፐሩን ማደስ

አብዛኛውን ለውጥ የሚያዩት እዚህ ነው፤ ስለዚህ አይቸኩሉ። ግራውን ሙሉ በሙሉ ጨርሰው ገጥመው ወደ ቀኙ ይሂዱ፤ ያልተፈታው ወገን እንዴት እንደነበር የሚያሳይ ምስል ሆኖ ያገለግልዎታል።

ካሊፐሩን ከፈቱ በኋላ ፒስተኑን ለማስወጣት በዘይት መግቢያው በኩል አየር መስጠት ይቻላል፤ ነገር ግን በፒስተኑ ፊት ወፍራም እንጨት ያስገቡ፣ አየሩንም በትንሽ በትንሹ ይልቀቁ። ፒስተን በአየር ሲወጣ ጣትን የሚሰብር ኃይል አለው፤ እጅዎን በምንም ምክንያት ከፊቱ አያድርጉ። ከቻሉ የተሻለው መንገድ ካሊፐሩ ከመኪናው ቱቦ ጋር እንደተያያዘ ፔዳሉን በመርገጥ ፒስተኑን ማስወጣት ነው።

የወጣውን ፒስተን በጨርቅ ጠርገው በጥፍርዎ ጫፍ ዙሪያውን ይዳስሱት። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ወይም የተላጠ ክሮም ጎሚኒው በሚያርፍበት ቦታ ላይ ካለ ፒስተኑ ይቀየር፤ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ክሮሙን ይጨርሰዋል እንጂ አያድነውም። ከጎሚኒው ውጭ ባለው ጫፍ ላይ ብቻ ያለ ቀላል ዝገት ሊጸዳ ይችላል። የጎሚኒው መቀመጫ ጉድጓድ በተሳለ እንጨት ይጽዳ፤ ካቻቢቴ የሚተወው ጭረት በኋላ ዘይት የሚወጣበት መንገድ ይሆናል።

ማጠቢያው ንጹሕ አልኮል ወይም አዲስ የፍሬን ዘይት ይሁን። በየጋራዡ የተለመደው ቤንዚን ወይም ናፍጣ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የፍሬን ጎሚኒ የተሠራበት ላስቲክ ከነዳጅ ዘር ጋር ሲገናኝ ያብጣል፣ ያበጠ ጎሚኒም ፒስተኑን ይይዛል ወይም ያፈስሳል። በተመሳሳይ ምክንያት የሞተር ዘይት ወይም ተራ ግራሶ ለጎሚኒ አይቀባም፤ አዲሱን ጎሚኒ በአዲስ የፍሬን ዘይት አርሰው ያስገቡት።

ጎሚኒው አራት ማዕዘን የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ፔዳሉ ሲረገጥ ፒስተኑ ጎሚኒውን ይዞ ጥቂት ያጣምመዋል፤ ፔዳሉ ሲለቀቅ ጎሚኒው ወደ ቅርጹ ሲመለስ ፒስተኑን ይዞት ይመለሳል። ሸራውን ከዲስኩ የሚያላቅቀው ይህ ብቻ ነው። የደረቀ ጎሚኒ ይህን ስለማይሠራ ሸራው ሁልጊዜ ይታከካል፤ ታክኮ የሞቀ ፍሬን ደግሞ ቁልቁለቱ ጋ ሲደርሱ ገና ከመጀመሪያው ሞቅ ብሎ ይጠብቅዎታል።

ተንሸራታች ዘንጎቹን አውጥተው አጽድተው ለዚሁ የተሠራውን ግራሶ በስሱ ይቀቡ። ሁለቱም ዘንጎች በጣት ኃይል ወዲያና ወዲህ መሄድ አለባቸው። አንዱ ከደረቀ ከሁለቱ ሸራዎች የውስጡ ብቻ ይሠራና ያልቃል፤ ሸራዎ አንዱ እንደ ወረቀት ሳስቶ ሌላው አዲስ መስሎ ካገኙት ጥፋቱ በሸራው ጥራት ሳይሆን እዚህ ነው።

ደረጃ 4፦ ቱቦዎቹን መቀየር

ከአሥር ዓመት በላይ የቆየ የጎማ ቱቦ ከውጭ ደህና ቢመስልም ከውስጥ ያብጣል። ያበጠ ቱቦ ፔዳሉ ሲረገጥ እየተነፋ ግፊቱን ይበላል፣ ሲለቀቅም ዘይቱ እንዳይመለስ ይዘጋል። በብረት ሽቦ የተሸፈነ ቱቦ ፔዳሉን ያጠነክራል፤ ዋጋው ከከበደዎት ግን አዲስ የጎማ ቱቦ አብዛኛውን ጥቅም ይሰጥዎታል። የመዳብ ሮንዴላውን ዳግም አይጠቀሙ፤ አንዴ የተጨፈለቀ መዳብ ሁለተኛ ጊዜ በደንብ አይዘጋም። ቱቦውን ከገጠሙ በኋላ መሪውን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙረው ቱቦው እንዳልተወጠረ፣ እንዳልተጠመዘዘና ከጎማው ጋር እንዳልተነካካ ያረጋግጡ።

የብረት ቧንቧው ከዛገ በተራ መዳብ ቧንቧ አይተኩት። የፍሪጅ መዳብ በእጅ ስለሚታጠፍ ለመሥራት ይመቻል፤ ንዝረት ሲደጋገምበት ግን ይሰነጠቃል።

ደረጃ 5፦ የኋላ ታምቡር

ከፊት ያለው ፍሬን ከማቆሙ ሥራ ሁለት ሦስተኛውን ወይም ከዚያ በላይ ስለሚሠራ የኋላው ይረሳል። ታምቡሩ ሲከፈት ሲሊንደሩ ከላስቲኩ ሥር እርጥብ ከሆነ ይቀየር፣ የደከመ ሞላም እንዲሁ። ዘይት የነካው ሸራ አይታጠብም፤ በእሳት ማቃጠሉም አያድነውም፤ ይጣል። ከዚያ ማስተካከያውን ሸራው ታምቡሩን በጣም በቀላሉ እስኪነካ ድረስ ያጥብቁና ጥቂት ይመልሱ። ያልተስተካከለ ታምቡር ፔዳሉን ረጅም ያደርገዋል፤ ብዙ ሰው ይህን አየር ነው ብሎ ለቀናት ዘይት ያስወጣል።

ደረጃ 6፦ ዲስኩን መለካት

በዲስኩ ጠርዝ ወይም በመሐል ባለው ኮፍያው ላይ በሚሊ ሜትር የተቀረጸውን ዝቅተኛ ውፍረት ይፈልጉ። ቬርኒየሩን የዛገው ጠርዝ ላይ ሳይሆን ሸራው በሚሄድበት ቦታ፣ ቢያንስ በስድስት ነጥብ ይለኩ። ከዝቅተኛው ልክ በላይ ከሆነና ጭረቱ ቀላል ከሆነ ቶርኖ ቤት ማስላጥ ይቻላል፤ ከተላጠ በኋላ ያለው ውፍረትም ከዝቅተኛው በላይ መሆን አለበት። የሳሳ ዲስክ የሚይዘው ብረት ስለሚያንስ በፍጥነት ይሞቃል፤ ሙቀት የምንሸሽ ሰዎች በገዛ እጃችን ሙቀት መሸከሚያውን መላጥ የለብንም።

ዲስኩን ከመመለስዎ በፊት የሚያርፍበትን የሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት ክፍል) ገጽ በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ያጽዱ። እዚያ የቀረች ቅንጣት ዝገት ዲስኩን ታዘነብለዋለች፤ መሪው ላይ የሚሰማው መንቀጥቀጥም ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ በማይበልጥ ማዘንበል ይጀምራል።

ደረጃ 7፦ ሸራ መምረጥ

በብዙ ሸራዎች ጠርዝ ላይ ከሚጻፉት ምልክቶች መጨረሻ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ፤ የመጀመሪያው በተለመደ ሙቀት፣ ሁለተኛው በከፍተኛ ሙቀት ያለውን የመያዝ አቅም ያመለክታሉ። በግጭት መጠን (ኮኤፊሸንት) ሲለካ ኢ ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ከ0.45 እስከ 0.55 ማለት ነው። ለመንገድ መኪና ኤፍኤፍ ጥሩ ምርጫ ነው። ኤፍኢ የተጻፈበት ሲሞቅ ይደክማል፤ ጠዋት ከተማ ውስጥ ደህና ሆኖ ቁልቁለት ላይ የሚከዳው እንዲህ ያለው ነው። ምንም ምልክት የሌለው ሸራ በምንም ዋጋ አይገዛ።

ለውድድር የተሠራ ሸራም ለእርስዎ አይሆንም፤ ሳይሞቅ አይዝምና፣ ከቤት ወጥተው የመጀመሪያው የባጃጅ ጅራት ላይ ሲደርሱ ገና ቀዝቃዛ ነው።

ደረጃ 8፦ ዘይት መቀየርና አየር ማስወጣት

ዶት 3 ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ በ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ የሚጠይቀው 140 ብቻ ነው። የዶት 4 ልክ 230 እና 155 ነው። ዘይቱ ውኃን ከአየር ይስባል፤ በጎማ ቱቦ ውስጥ እንኳ ቀስ እያለ ይገባል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ የሚቀየር ተራ ዶት 4፣ ለአምስት ዓመት ከተረሳ ውድ ዘይት ይበልጣል። ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም፤ በስም የሚመሳሰለው ዶት 5.1 ግን ከዶት 3 እና 4 ጋር ይስማማል። ተከፍቶ የቆየ ወይም በሌላ ዕቃ የተቀዳ ዘይት አይግዙ።

ረዳት ያስፈልግዎታል። መሪው በግራ ለሆነ መኪና ከማስተሩ ከሚርቀው ይጀመራል፦ ከኋላ ቀኝ፣ ከኋላ ግራ፣ ከፊት ቀኝ፣ ከፊት ግራ፤ የመኪናው መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ይከተሉ። ከፔዳሉ ሥር እንጨት ያስቀምጡ፤ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ከወረደ የማስተሩ ጎሚኒ ለዓመታት ያልደረሰበትን የዛገ ክፍል ነክቶ ይቀደዳልና፣ ደህና የነበረ ማስተር በዚያው ዕለት ማፍሰስ የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው።

ግልጹን ቱቦ በብሎኑ ላይ ሰክተው ጫፉን ጥቂት ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ያጥልቁ። ረዳቱ ፔዳሉን ረግጦ «ያዝኩ» ሲል ብሎኑን ሩብ ዙር ይክፈቱ፣ ዘይቱ መሮጡን ሲያቆም ይዝጉ፣ ከዚያ ብቻ «ልቀቅ» ይበሉት። እኔ ከወንድሜ ልጅ ጋር ስሠራ ከእነዚህ ሁለት ቃላት ሌላ ወሬ ክልክል ነው፤ ብሎኑ ሳይዘጋ ፔዳሉ ከተለቀቀ አየሩ ተመልሶ ይገባል፣ ሥራውም ከመጀመሪያው ይጀመራል። የሚወጣው መጀመሪያ እንደ ቡና ጠቁሮ፣ ቆይቶም እንደ ጠጅ ጠርቶ ይታያል፤ አረፋ የሌለበት የጠራ ዘይት እስኪመጣ ይቀጥሉ። በየስድስት ረገጣው የዘይት ማጠራቀሚያውን ይሙሉ፤ ከጎደለ ማስተሩ አየር ይስባል።

ደረጃ 9፦ አዲሱን ሸራ ማለማመድ

መጀመሪያ በቆመ መኪና ፔዳሉ ጠንካራ እስኪሆን ደጋግመው ይርገጡ፤ ካሊፐር ሲታደስ ፒስተኑ ወደ ኋላ ስለተገፋ የመጀመሪያው ረገጣ ባዶ ነው። ከዚያ ተሽከርካሪ በሌለበት ቀጥ ባለ መንገድ፣ በጠዋት፣ ከ60 ወደ 15 ኪሎ ሜትር ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ያህል በመካከለኛ ኃይል ፍጥነቱን ይቀንሱ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይቁሙ። ከዚያም ፍሬን ሳይነኩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድተው ያቀዝቅዙት። ይህ ከሸራው ወደ ዲስኩ ስስ ወጥ ሽፋን ያስተላልፋል፤ ትኩስ ሳለ ቆመው ፔዳሉን ከያዙ ሸራው በአንድ ቦታ ታትሞ ይቀራል፣ መሪውም ይንቀጠቀጣል። የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ከኋላዎ የሚመጣው ሹፌር ለምን እንደሚቀንሱ አያውቅም።

አሁንም ካነሰ፦ ትልቅ ዲስክና ካሊፐር

ከላይ ያለው ሁሉ ተሠርቶ፣ ሞተሩም በእርግጥ ከፋብሪካው የበለጠ ጉልበት ካለውና ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እየደከመ ከሆነ፣ ከራሱ ከመኪናው ቤተሰብ ውስጥ ጠንካራውን ወንድም ይፈልጉ። ለምሳሌ በቢኤምደብሊው ኢ30 የ318ቱ የፊት ዲስክ 260 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠጣር ሲሆን፣ የ325ቱ ተመሳሳይ ስፋት ኖሮት በመሐሉ አየር የሚያሳልፍ ወፍራም ነው። የመያዝ ኃይሉ ብዙም ሳይለወጥ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያድጋል፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ወፍራሙን ዲስክ የሚያስገባው ካሊፐርም አብሮ መምጣት አለበት።

ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ይህን ስሌት ይሥሩ። የካሊፐር ፒስተን ከ51 ወደ 54 ሚሊ ሜትር ሲያድግ ስፋቱ በ12 በመቶ ይጨምራል፤ የመያዝ ኃይሉ በዚያው ልክ ያድጋል፣ ፔዳሉም በዚያው ልክ ይረዝማል። ፔዳሉን ለማሳጠር ማስተሩን ከ19.05 ወደ 20.64 ሚሊ ሜትር ከቀየሩት ግን ለተመሳሳይ ግፊት 17 በመቶ የበለጠ የእግር ኃይል ይጠየቃሉ፤ በካሊፐሩ ያገኙት ሁሉ ጠፍቶ ኪሳራ ላይ ነዎት። ሁለቱን አብሮ መቀየር የሚያስኬደው ተሰልቶ ብቻ ነው።

ሌላው ሚዛን ነው። ከፊት ብቻ ከመጠን በላይ ካጠነከሩ የፊት ጎማ ቀድሞ ይቆልፍና የኋላው አቅም ሳይሠራበት ይቀራል። ከኋላ ካጠነከሩ፣ ወይም ወደ ኋላ የሚሄደውን ግፊት የሚቀንሰውን ቫልቭ ካነሱ ደግሞ የኋላው ቀድሞ ይቆልፋል፣ መኪናውም ዞሮ ይወጣል፤ ይህ ከሁሉ የከፋው ነው።

ቸርኬውንም ያስታውሱ። 13 ኢንች ቸርኬ ብዙውን ጊዜ ከ250 ሚሊ ሜትር ገደማ በላይ የሆነ ዲስክ ከነካሊፐሩ አያስገባም። የካሊፐሩን ቅርጽ ከካርቶን ቆርጠው ቸርኬው ውስጥ ያሽከርክሩት፤ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይቅር። ካሊፐር በብየዳ በተቀጠለ ላሜራ ላይ አይሰቀልም፤ በራሱ ቀዳዳና በራሱ ብሎን የማይገጥም ካሊፐር ለአነስተኛ በጀት የተሠራ አይደለም ብለው ይተዉት። ካሊፐሩን ከገጠሙ በኋላ ደረጃ 4፣ 8 እና 9 ይደገማሉ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስሕተቶች

- ካሊፐርን በግራና በቀኝ አቀያይሮ መግጠም። የአየር ማስወጫው ብሎን ወደ ታች ከዞረ አየሩ ከላይ ተይዞ ስለሚቀር ምንም ያህል ቢደክሙ ፔዳሉ አይጠነክርም።
- ዲስክን በዳበሳ በድሪል መብሳት። ስንጥቅ ከቀዳዳው ይጀምራል፤ የተበሳ ነገር ካማረዎት ከፋብሪካው እንዲያ የወጣውን ይግዙ።
- ካሊፐሩን በቱቦው አንጠልጥሎ መተው። ቱቦው ከውስጥ ይቀደዳል፤ በሽቦ ከሞላው ላይ አስረው ይስቀሉት።
- የአንዱን ወገን ሸራ ብቻ መቀየር። መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል።
- የአየር ማስወጫ ብሎንን በረጅም ቁልፍ ማጥበቅ። ብሎኑ ቀዳዳ ያለውና ትንሽ ስለሆነ 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃዋል፤ ከተቆረጠ ካሊፐሩን ይዞ ይሄዳል።
- የጎማ ዳዶን በመዝለል ሳይሆን በዙሪያው ተራ ማጥበቅ። ዲስኩ ያዘነብላል፤ በተቃራኒ ያሉትን እያፈራረቁ ያጥብቁ።

ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ

የጎማ ዳዶዎቹን በቶርክ ሬንች ይድገሙ፣ የዘይቱን ልክ ይዩ፣ በእያንዳንዱ የቱቦ መገናኛ ላይ ነጭ ወረቀት ያስነኩ፤ ወረቀቱ ከረጠበ ሮንዴላውን በአዲስ ይቀይሩ። ከተወሰነ ጉዞ በኋላ ቆመው እጅዎን ሳያስነኩ ወደ አራቱም ቸርኬ አስጠግተው ሙቀቱን ያነጻጽሩ። የፊት ሁለቱ እኩል፣ የኋላ ሁለቱም እርስ በርሳቸው እኩል መሆን አለባቸው፤ አንዱ ለብቻው የሚያቃጥል ከሆነ ወደ ደረጃ 1 ተመልሰው ያንን ጎማ ይፈትሹ። ወደ አሰላ የሚወጡት ይህ ንጽጽር ሁለት ጊዜ ከተሳካ በኋላ ይሁን፤ ሲመለሱም በወጡበት ማርሽ ይውረዱ።